በገደል የተከበበ ደሴት

ደሴት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ጣና ይሄዳል፤ ደቅ፣ ዳጋ፣ ክብራን። ዛሬ የማወራችሁ ግን ውሃ ስላልከበበው ደሴት ነው። ካርታ ዘርጉና የደቡብ ወሎን ምዕራብ ተመልከቱ። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ፣ በደቡብ ወንጪትና ጃማ። በሦስት በኩል ገደል ነው። መሐሉ ላይ ጃማ፣ ከላላ፣ ለጋምቦ፣ ቦረና፣ ሳይንት አሉ። ከደጎሎ ወጥቶ ደቡባዊው ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ሸዋን እጁን ዘርግቶ የሚነካው ይመስለዋል። ለመድረስ ግን ደጋውን ለቆ ቆላ መውረድ፣ ወንዝ መሻገርና እንደገና ዳገት መግፋት አለበት።

ፈረንጆቹ ሰሞኑን "ቀስ ብሎ መጓዝ" የሚሉት ፈሊጥ አላቸው። ሰርዲኒያና ቀርጤስ ደሴቶች ላይ የባሕሩን ዳርቻ ትተው ወደ መሐል መንደሮች ይገባሉ፤ አንድ ቦታ ይከርማሉ፣ ከባለቤቶቹ ጋር ይበላሉ። ለኛ ሰው ይህ ፈሊጥ ሳይሆን ግዴታ ነበር። ገደሉ ራሱ አያስቸኩልም።

እ.ኤ.አ. በ1520 ሚያዝያ ላይ ምጽዋ የወረደው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የደረሰው በጥቅምት ነው። ግማሽ ዓመት! አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። አማራንና ሸዋን ስለሚለየው የገደል መሻገሪያ ሲጽፍ አገሬው የሚጠራበትን ስም ሳይቀር መዝግቦታል። አህያ ፈጅ። ወንጪትን ወርዶ የወጣ ሰው ይህን ስም ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ስሙን ያወጣው የቤተ መንግሥት ጸሐፊ አይመስለኝም። ጭነት የያዘች አህያው ዓይኑ እያየ የወደቀችበት ነጋዴ መሆን አለበት።

ያን ጊዜ ይህ አምባ ዳር አገር አልነበረም። ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ ነገሥታቱ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠሩበትና የሚቀበሩበት አገር ነው። አትሮንሰ ማርያምን ዐፄ በእደ ማርያም፣ መካነ ሥላሴን ዐፄ ናዖድ ጀምሮ ልብነ ድንግል አሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር መካነ ሥላሴ ሲደርስ ኢማሙ በወርቅና በብር ያጌጠውን ሕንፃ አይተው መደነቃቸውንና እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አገር እንዳለ አብረዋቸው የነበሩትን ዓረቦች መጠየቃቸውን የጻፈልን የራሳቸው ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ነው። ከዚያም ተቃጠለ።

ቀጥሎ የመጣውን ዘመን በመጻሕፍት ከመፈለግ በስም መፈለግ ይቀላል። መካነ ሰላም ግዕዝ ነው። ወረኢሉና ወረሂመኖ ኦሮምኛ ናቸው፤ "ወረ" ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው። ለጋምቦና ለጋሂዳ ላይ የምንሰማው "ለገ" ወንዝ ነው። ቦረና የሚለው ስም ከዚህ ተነሥቶ እስከ ኬንያ ድንበር ማዶ ይገኛል። እነዚህን ስሞች በየቀኑ የሚጠራው ገበሬ አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ አንዱ ጎረቤት ሲሰግድ ሌላው ያስቀድሳል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ግን አይለያዩም። ስሞቹን እያጣላን ፌስቡክ ላይ የምንሞላለጭ ሰዎች ከአንድ ገበያ እስከ ሌላው በእግራችን ብንሄድ ግማሹ ክርክራችን መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። (ግማሹ ነው ያልኩት።)

የተጻፈው ታሪካችን ግን መሐሉን አያውቀውም። ታሪኩ ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን የሚያህል መድፍ እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ዋድላንና ደላንታን አቋርጠው በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ገደሉ። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። መድፉን ስለጎተቱት ሰዎች ግን ምን ያህል እናውቃለን?

ወይም ወረኢሉን ውሰዱ። ዐፄ ምኒልክ በ1888 የአድዋን ክተት ሲያውጁ የሸዋው ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት አዘዙ። ይህን ሁላችንም በኩራት እንጠቅሳለን፤ እኔም። ግን ያ ሁሉ ጦር ምን በላ? ዘመኑ ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ በሬው አልቆ ሰው መሬቱን በእጁ የቆፈረበት ጊዜ ነው። ሠራዊት ደግሞ ከሚያልፍበት አገር ነው የሚበላው። አድዋ የተጀመረው በዚህ አምባ ጎተራ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። የየመንደሩን ድርሻ የጻፈልን ግን የለም።

በ1977 ድርቅም እንዲሁ ነው የሆነው። ዓለም ያየው ወሎ ኮረም ነው፤ ኮረም ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ካሜራ መኪና የሚደርስበት ድረስ ይሄዳል። አሁንም የኛ ሙያ ከዚያ ብዙ አልራቀም።

አስፋልትን እየተቃወምኩ አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ለሚሮጥ ሰው ስለ ዝግታ ውበት ብትነግሩት ይሰድባችኋል፤ ልክም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መንገድ የሚያልፍበት አገር ቀስ በቀስ "መተላለፊያ" መሆኑ ነው። ሹፌሩ ደጎሎ ላይ ምሳ ይበላል፣ ይነሣል፣ ደሴ ያድራል።

ከበሽሎ በስተሰሜን መቄት ውስጥ ከሃያ ዓመት በፊት የተጀመረ ሥራ አለ። ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ጉዞ እንግዳው በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ በገደሉ አፋፍ ላይ ነዋሪው በሠራው ጎጆ ያድራል፤ ገቢውም ለመንደሩ ነው። ቦረናና ሳይንት ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበት የደንቆሮ ጫካ አለን። ጃማ ላይ ከመስከረም በኋላ ዓይን የማይጨርሰው የስንዴ ሜዳ አለን። (ክረምት አልመክርም፤ ዋልካው ጫማ ያስቀራል።) ተመሳሳይ ነገር እዚህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም ነበር። አሁን ግን አለ። ተኩስ ባለበት አገር ማንም ሰው ቀስ ብሎ አይሄድም፤ አገሬው ራሱ ገበያ ውሎ ሳይመሽ ለመግባት ይሮጣል።

ሰላሙ እስኪመጣ ግን ሽማግሌዎቹ አይጠብቁም። ቁልቁለቶቹን በስማቸው የሚያውቁ፣ አሞሌ ጨው ስለጫነ ነጋዴ ከአያታቸው የሰሙ፣ ወንዙ ሲሞላ የት በኩል እንደሚሻገሩ የሚያውቁ ሰዎች እያለፉ ነው። ስለዚህ ከደጎሎ፣ ከከላላ፣ ከመካነ ሰላም፣ ከአጅባር የሆናችሁ፣ ዛሬ ማታ ቤት ደውሉ። ከአምባው ወደ ወንጪት ወይም ወደ በሽሎ የሚወርዱትን የድሮ የእግር መንገዶች ስም ጠይቁልኝ፤ ስሙ ከምን እንደመጣም። በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አህያ ፈጅን አሁንም በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ።