መሬት፣ ደብተርና የሴት ስም

ባሕር ዳር በሰፋች ቁጥር በዙሪያዋ ያለው እርሻ ይጠባል። ከአባላታችን ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ስለሆንን ጉዳዩ የራሳችን ነው። ሴቶች መሬት እንዴት እንዳገኙና ከተማ ሲመጣ ምን እንደሚተርፋቸው በአጭሩ እንይ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ፣ የፆታ ልዩነት ሳይደረግ፣ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ መሬት እንዲሰጠውም ደነገገ። በተግባር ግን የገበሬ ማኅበር የሚመዘግበው በአብዛኛው አባወራውን ነበር። ሚስት በባሏ ስም ውስጥ ተጠቃላ ቀረች።

በ1987 ዓ.ም. የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት ላይ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን በተደረገው ድልድል ቤታቸውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩ ሴቶችም መሬት ደረሳቸው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በታደለው የይዞታ ደብተር ላይ ደግሞ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፍ ጀመር።

መሬት አይሸጥም፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ግን በካሳ ይወሰዳል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። እኛ ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም እንላለን። ለምሳሌ በዓመት 10 ኩንታል የሚያመርት ቤተሰብ እንውሰድ። የኩንታሉ ዋጋ በ5ቱ ዓመታት 600፣ 700፣ 800፣ 1,000 እና 1,400 ብር ቢሆን አማካዩ 900 ብር ነው፤ ካሳው 90,000 ብር ይሆናል። በመጨረሻው ዓመት ዋጋ ቢሰላ ግን 140,000 ብር በሆነ ነበር። ገበያው ሲወደድ አማካዩ ወደ ኋላ ይጎትታል ማለት ነው። ደግሞም የ30 ዓመት ገበሬ ገና ብዙ የእርሻ ዘመን ይቀረዋል።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሻለ። ምትክ መሬት ካልተገኘ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛል። በምሳሌያችን 210,000 ብር ይደርሳል ማለት ነው።

ሆኖም ብዜቱ ብቻውን ቤት አያቆምም። ገንዘቡ በባል ስም ብቻ ከገባ፣ የጋራ የነበረው ማሳ የአንድ ሰው ኪስ ይሆናል። የጓሮ ጎመንና የዶሮ ገቢ ካልተመዘገበም ከስሌቱ ሊቀር ይችላል፤ ይህ ደግሞ በብዛት የሴቷ ድካም ነው።

ስለዚህ እህቶች፣ በደብተሩ ላይ ስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ። የየዓመቱን ምርትና የሸጣችሁበትን ዋጋ ጻፉ፤ መጻፍ ያልቻለች ልጇን ታስጽፍ። የካሳ ወሬ ሲሰማ የባንክ ደብተሩ በሁለት ስም እንዲከፈት ከወዲሁ ተነጋገሩ። ደጋፊዎቻችንም ሒሳብ መያዝን የሚያስተምር ሥልጠና ስታግዙ፣ የአንዲት ሴት የ40 ዓመት ድካም ሲቆጠር አብራችሁ ቆማችኋል ማለት ነው።