የሰው ኢንሱሊን ታሪክ፤ ከቶሮንቶ እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት የታወቀች ቦታ ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዷም እርሷ ነበረች። በቅኔ ቤት አንዲት ቃል ከቦታዋ ብትዛነፍ ቅኔው ይበላሻል፤ መምህሩም ያርማሉ። በሰው አካል ውስጥ የሚሠሩ ፕሮቲኖችም እንዲሁ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። ኢንሱሊን ለምሳሌ የ51 አሚኖ አሲዶች ድርድር ሲሆን፣ 21ዱ በአንደኛው፣ 30ዎቹ በሁለተኛው ሰንሰለት ላይ ይገኛሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፕሮቲን ከእንስሳት ቆሽት ወጥቶ በባክቴሪያ ውስጥ እስከ መሠራት የደረሰበትን ጉዞ ማስታወስና ጉዞው ለእኛ የት ላይ እንደሚያበቃ መጠየቅ ነው።

ከኢንሱሊን መገኘት በፊት በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የተያዘ ልጅ ዕድሜ አጭር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት በማክሊዮድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከእንስሳት ቆሽት መድኃኒቱን ማውጣት ጀመሩ። በጥር 1922 ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ። የመጀመሪያው ዝግጅት ንጹሕ ስላልነበረ አጥጋቢ ውጤት አላሳየም፤ ኮሊፕ ካጣራው በኋላ ግን የልጁ ሁኔታ ተሻሻለ። የፈጠራ መብቱም ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ብቻ ተላለፈ። ፍላጎታቸው መድኃኒቱ ለማንም ችግረኛ እንዲደርስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ያህል የዓለም ኢንሱሊን ምንጭ ከቄራ የሚገኝ የከብትና የዓሣማ ቆሽት ሆኖ ቆየ። የዓሣማው ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ፣ የከብቱ ደግሞ በሦስት ነው። ልዩነቱ ጥቂት ቢሆንም የአንዳንድ ሕሙማን ሰውነት ባዕድነቱን ለይቶ አለርጂ ያሳይ ነበር። ከዚህም ሌላ አቅርቦቱ በታረደው እንስሳ ብዛት የተወሰነ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዓሣማ በማይበላበት አገር የመድኃኒቱ ምንጭ ራሱ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም።

መፍትሔው የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። ሳንገር የኢንሱሊንን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል አንብቦ እ.ኤ.አ. በ1958 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዶሮቲ ሆጅኪንና ባልደረቦቿ በ1969 ሦስት ገጽታ ያለውን ቅርጹን አሳዩ። በ1978 ደግሞ የጄነንቴክና የሲቲ ኦፍ ሆፕ ተመራማሪዎች የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ ውስጥ ለመሥራት ቻሉ። ለሁለቱ ሰንሰለቶች የሚያስፈልገውን ዘረ መል በኬሚካል ሠርተው ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡት። ባክቴሪያው ሰንሰለቱን ከራሱ ፕሮቲን ጋር አያይዞ ሠራው፤ ተመራማሪዎቹም በኬሚካል ቆርጠው ካወጡት በኋላ ሁለቱን ሰንሰለቶች በሰልፈር ድልድይ አገናኙ። በ1982 ይህ ምርት በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ፤ በዚህ ዘዴ ተሠርቶ ለሰው ሕክምና የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒትም ሆነ። ቆየት ብሎ እርሾም ለዚሁ አገልግሎት ዋለ። ዛሬ በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ የሰው ፕሮቲኖች በምርምር ቤቶች ሕዋሳትን ለማሳደግና የበሽታን መንገድ ለመመርመር የዘወትር መሣሪያዎች ናቸው።

የአቅርቦት ጥያቄ በሳይንስ ቢፈታም የመዳረስ ጥያቄ ግን አልተፈታም። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 በሰሜን ኢትዮጵያ የስኳር ሕክምና የማግኘትን ችግር የሚመለከት ጥናት አሳተሙ። ለአንድ ቀጠሮ ረጅም መንገድ የሚጓዝ የገጠር ሕመምተኛ ቀጠሮውን ማቋረጡ አይገርምም፤ ለአንደኛው ዓይነት ሕመምተኛ ግን ኢንሱሊን ማቋረጥ በቀናት ውስጥ የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ክትትሉን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ለማውረድና ለነርሶች ኃላፊነት ለመስጠት የተደረገው ጥረት ለዚህ የተሰጠ መልስ ነበር።

ከደጋው እስከ ዓባይ በረሃ በሚደርሰው በደብረ ኤልያስ ወረዳም ጉዳዩ ይኸው ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ ፈጽሞ በረዶ መሥራት የለበትም። የተከፈተው ለአራት ሳምንታት ያህል ያገለግላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ውኃ ሳይነካው፣ በጥላ ሥር ማስቀመጥ ከሙቀቱ ያድነዋል። ይህንን ለሕመምተኛው የሚያስተምረው፣ መርፌውን የሚያሳየው፣ በቀጠሮው ሲቀርም የሚያፈላልገው ጤና ባለሙያው ነው።

ስለዚህ ክቡራን የሙያ ባልደረቦች፣ የኢንሱሊን ታሪክ በኖቤል ሽልማት አላበቃም። ሳይንሱ ድርድሩን አንብቦ ቃሉን በትክክል ጽፏል፤ ያ ቃል ለሕመምተኛው እስኪደርስ ድረስ ግን ሥራው አልተፈጸመም። የመጨረሻው የሰንሰለቱ ቀለበት በእኛ እጅ ነው።