የዋግሹም ጎበዜ ደምና ሹመት

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ አፄ ቴዎድሮስ ምሽግ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ፣ የዋግና የላስታ ጌታ ዋግሹም ጎበዜ አልተዋጉትም፤ መንገዱን ለቀቁለት። ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ በሥልጣን ስሌት ይተረጎማል። እኔ ግን ከስሌቱ በፊት የግብረ ገብ ጥያቄ ይታየኛል፤ ሰው ለገዛ ህሊናው ያለበት ዕዳና ለያዘው ሹመት ያለበት ዕዳ ሲጋጩ የትኛው ይቀድማል? የሹመቱ ይቀድማል እላለሁ። ዋግሹምነት የአንድ ሰው ሀብት አልነበረምና። በትውፊት እንደሚነገረው ዘውዱ ከዛጉዌ ወደ ሰሎሞናዊው ቤት ሲመለስ የዛጉዌ ወራሾች ዋግን በቃል ኪዳን ይዘው ቀሩ፤ ዋግሹሙም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር ነበረው። በዋግሹሞቹ መቀመጫ በሰቆጣ የሚሾመው ሰው የተረከበው ይህን የትውልድ አደራ ነው።

ሆኖም የጎበዜን የግል እውነት አቃልሎ ማለፍ ግፍ ነው። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን አፄ ቴዎድሮስ በሞት ቀጥተዋል። በደጋው አገር ልማድ የአባቱን ደም ረስቶ የተቀመጠ ልጅ ይናቃል፤ ይህ ስሜት የጎበዜ ብቻ ሳይሆን ያሳደጋቸው ማኅበረሰብ የጫነባቸው ግዴታም ነበር። ያው ልማድ ግን ደም ደምን እየጠራ እንዳይቀጥል ሽማግሌ ያስገባል፣ ካሳ ያስከፍላል፣ ያስምላል፣ ያስታርቃል። እዚህ ላይ ችግሩ ገዳዩ ራሱ የዳኞች ሁሉ የበላይ መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ለካሳ የሚያስቀርብ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ለልጁ የቀረው መንገድ መሸፈት ነበር፤ ጎበዜም ሸፈቱ። እስከዚህ ድረስ አልፈርድባቸውም። ፍርዱ የሚከብደው የአባት ደም በባዕድ ጦር እጅ ሲመለስ ነው።

ምን ያድርጉ ታዲያ? የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ናፒየር ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ፣ ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀ ወታደር ይዟል፤ ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጥለው ሕዝቡን አስመርረዋል፤ እንግሊዞቹም ለስንቃቸው በማርያ ቴሬዛ ብር ይከፍሉ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ስለዚህም ጎበዜን ባለመዋጋታቸው አልወቅሳቸውም። ወቀሳዬ የአገር ጉዳይ የቤት ጉዳይ በመሆኑ ነው። የትግራዩ ካሳ ምርጫ ለብቻቸው ከናፒየር ጋር ተስማሙ፣ ጎበዜም ለብቻቸው። ሁለቱ ተማክረው ለውጪው ጦር አንድ ቃል ቢሰጡ ኖሮ፣ ማለፊያው የአገር ፈቃድ በሆነ ነበር። ናፒየር ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን አስፈትቼ እመለሳለሁ ብሎ እንደ ቃሉ ተመልሷል ቢባልም፣ ቃሉን መጠበቅም ማፍረስም በእሱ እጅ ነበር፤ ጎበዜ ምንም ማስያዣ አልነበራቸውም። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲገድሉ ጎበዜ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። እንግሊዞች መድፍና ጠመንጃ የሰጡት ግን ለካሳ ነው፤ በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በተደረገው ጦርነት ጎበዜ በሚስታቸው ወንድም በካሳ ተማረኩ፤ በእስር ሳሉም አረፉ። ይህን እንደ ቅጣት አልቆጥረውም፤ ቢያሸንፉም ኖሮ በ1860 ያደረጉት ያው ነውና።

ከ70 ዓመት በኋላ ከዚያው ከዋግ የተነሡት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ሌላ መልስ ሰጡ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የዋግንና የላስታን ዐመፅ መሩ፤ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገድለው አንገታቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ ታየ። ለእሳቸው ህሊናና ሹመት አልተጋጩም፤ ስለዚህ ምርጫቸው ከጎበዜ ይልቅ ግልጽ ነበር፣ ዋጋው ግን የከፋ። የዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች ኃይሉን ሲያስተምሩ ጎበዜንም አብረው ያስተምሩ፤ ተማሪው በኃይሉ ይኮራል፣ በጎበዜ ጉዳይ ግን ራሱ ፈራጅ ሆኖ ይከራከርበት።