ሆንዳ የልጆቹን ሞተር ለምን አቆመው?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም። የማወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ሞተር ሳይክል ነው። ልጁ "ሞቶክሮስ ግዛልኝ" እያለ የሚያስጨንቀው አባት ከመካከላችሁ አይጠፋም፤ ለእሱም ይጠቅመዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሆንዳ ከ1980 ጀምሮ ሲአር 80 የምትባል የልጆች የአፈር ላይ ውድድር ሞተር ይሸጥ ነበር። በ2003 ጉልበቷ ትንሽ ተጨምሮላት ሲአር 85 ተባለች። የ2007 ሞዴል የመጨረሻዋ ሆነ። በቦታዋ ሲአርኤፍ 150 አር የምትባል ፎር ስትሮክ ገባች። የሞተችው ቱ ስትሮክ ነበረች፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቬስፓን ያስታውሳል። ያ ሰማያዊ ጭስ፣ ቤንዚኑ ውስጥ የሚቀላቀለው ዘይት... ቱ ስትሮክ ማለት ያ ነው። ኮሎው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ይተኩሳል፤ ፎር ስትሮክ ግን ሁለቴ ዞሮ አንዴ ነው የሚተኩሰው። ቫልቮላ የለ፣ ካምሻፍት የለ። ፒስተኑ ራሱ ወደላይ ወደታች ሲል የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ስለዚህ ሞተሩ ቀላል ነው፣ ለመፍታትም አያስቸግርም። ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል፦ መግቢያውና መውጫው ለአፍታ አብረው ስለሚከፈቱ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር ያመልጣል።

ለዚህ መላ ከፈጠሩት ዋነኛው ዋልተር ካደን የሚባል በምሥራቅ ጀርመን የኤምዜድ ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። ማርሚታውን መሃሉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ አድርጎ ሠራው። የግፊቱ ሞገድ ጫፉ ላይ ተጋጭቶ ሲመለስ ያመለጠውን ነዳጅ መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። አንድም የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሳይጨመር! ተምሬበት ከነበረው ሙያ ውስጥ እንደዚህ የሚያስቀናኝ ሥራ ጥቂት ነው። የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር በ1961 ስዊድን ለውድድር እንደወጣ በዚያው ቀረ። (ለስብሰባ ወጥቶ መቅረትን እኛ እናውቃለን፣ አይደል?) የካደንን ጥበብ ለሱዙኪ ይዞ ሄደና በሚቀጥለው ዓመት በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በኋላ የመጡት የጃፓን ቱ ስትሮኮች ጉልበታቸውን በብዛት ያገኙት ከዚያ ማርሚታ ነው።

እንግዲህ ማን ገደላት? ብዙ ሰው የአካባቢ ጥበቃ ሕግን ይከሳል። እኔ ግን ግማሽ እውነት ነው የምለው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ2002 ያወጣው የጭስ ደንብ ለውድድር ብቻ የሚሠሩትን ሞተሮች ነፃ ትቷቸዋል። ትልቁን ሥራ የሠራው የውድድሩ ሕግ ነው። ፎር ስትሮክ ሁለቴ ዞሮ አንዴ ስለሚተኩስ "ይካስ" ተባለና 250 ቱ ስትሮክ ከ450 ፎር ስትሮክ፣ 125ም ከ250 ጋር እንዲሰለፍ ተደረገ። በ1997 ዳግ ሄንሪ በያማሃ 400 ፎር ስትሮክ የላስ ቬጋስን ሱፐርክሮስ ሲያሸንፍ የሚመጣው ታየ። ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ በድስ ክሪክ የሚባል ሜዳ አለ። በ2007 የዓለም አገሮች የሞቶክሮስ ውድድር እዚያ ሲካሄድ ራያን ቪሎፖቶ በ250 ፎር ስትሮክ ባለ450ዎቹን ሁሉ ጥሎ አለፈ። በዚያው ሞዴል ዓመት ሆንዳ ሲአር 125ንና ሲአር 250ንም አቆመ። ትንሿም ከታላላቆቿ ጋር ተጠቅልላ ሄደች።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ትንሿ ሜዳ ላይ አልተሸነፈችም። በልጆቹ ምድብ 85 ከ150 ጋር ቢሰለፍም ካዋሳኪ፣ ያማሃና ኬቲኤም 85 ቱ ስትሮካቸውን አልጣሉም፤ ያማሃ እንዲያውም በ2019 አድሶ አወጣት። የሆንዳዋ 150 ነዳጅ ሞልታ 84 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ የያማሃዋ 85 ከዚያ 10 ኪሎ ያህል ትቀላለች። አርባ ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ ያውም ወድቆ ሞተሩን ከጭቃ ለሚያነሳ ልጅ፣ አሥር ኪሎ ቀልድ አይደለም።

ኪስም አለ። በቱ ስትሮክ ቴስታታውንና ሲሊንደሩን አንስቶ ፒስተንና ፋሻ መቀየር ቅዳሜ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከልጅ ጋር ይሠራል። ፎር ስትሮኩ ግን ቫልቮላ ማስተካከል፣ ካምሻፍት፣ ካቴና አለው። ባለማወቅ ቫልቮላ ፒስተን ከመታ ሒሳቡ ሌላ ነው። እርግጥ የ150ዋ ጉልበት ለስለስ ብሎ ስለሚመጣ ለጀማሪ ልጅ ትመቻለች፣ ነገ 250 ለሚነዳም ታለማምደዋለች። የሆንዳ ሰዎች ያለ ምክንያት አልወሰኑም። ግን ወጪውን አባትየው ላይ ነው የጫኑት።

ያረጀች ሲአር 85 ለመግዛት ያሰበ ካለ፣ ፒስተኑ መቼ እንደተቀየረ ሳይጠይቅ ገንዘብ እንዳይከፍል። ማርሚታው ሆዱ ላይ ከተጨፈለቀም ዋጋ ያስቀንስ፤ ያ ቅርጽ ነው ጉልበቷ። የቀረውን ከታች ጠይቁኝ፣ ኤርፖርት ተራዬ ደርሷል።