ፍላሻችሁን ኮምፒውተሩ አላነብ ሲል፦ «ፎርማት» ከማለታችሁ በፊት

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በተለይ ካዛንቺስ አካባቢ፣ ፍላሽ ይዞ ኮፒ ቤት መግባት የተለመደ ነው። ሲቪው፣ የቤት ውሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ እዚያች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ሰፈር የለቀቀ ሰው፣ ወረቀቱ በዕቃ ማጓጓዝ መሀል ቢጠፋበት እንኳ ስካን ያደረገው ፍላሹ ላይ ይተርፍለታል። ስለዚህ ፍላሽ መጥፋት የለበትም።

ችግሩ ምንድነው? አዲስ ላፕቶፕ ላይ በደንብ የሚሠራ ፍላሽ የኮፒ ቤቱ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሲሰካ ዝም ይላል። ወይም ደግሞ ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፣ አሁን ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ጋ ቸኩሎ «የስ» ያለ ሰው ጉድ ሆነ።

ብዙ ጊዜ ፍላሹ ምንም አልሆነም። ትንንሾቹ ፍላሾች በአብዛኛው «ፋት 32» በሚባል ፋይል ሲስተም የተዘጋጁ ናቸው። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን ብዙዎቹ በ«ኤክስፋት» ነው የሚመጡት። ዊንዶውስ ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኤክስፋት ደግሞ በ2006 ነው። ኤክስፒ ተጨማሪ አፕዴት ካልተጫነበት ኤክስፋትን አያውቀውም። ዊንዶውስ 7 ግን ያነበዋል።

በቅደም ተከተል እንዲህ ሞክሩ፦

1. መሰኪያ ቀይሩ። የፊቶቹ በኬብል የተቀጠሉ ስለሆኑ ቶሎ ይበላሻሉ፤ የኋላዎቹ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው። ዊንዶውስ 7 ለዩኤስቢ 3 የራሱ ድራይቨር የለውም። ሰማያዊው ካልሠራ ጥቁሩ ላይ ሰኩት።

2. አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። እዚያ ከተከፈተ ፍላሹ ደህና ነው።

3. «ማይ ኮምፒውተር» ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ማኔጅ»፣ ከዚያ «ዲስክ ማኔጅመንት» ግቡ። ፍላሹ እዚያ እየታየ ፊደል ከሌለው፣ በ«ቼንጅ ድራይቭ ሌተር» ያልተያዘ ፊደል ስጡት። «ኖ ሚዲያ» ካለ ግን ብልሽቱ የፍላሹ ነው፤ ፎርማት አያድነውም። ፋይሉ የግድ ካስፈለጋችሁ ደጋግማችሁ ሳትነካኩት ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጡ።

4. ተከፍቶ ሾርትከት ብቻ ካሳየ ቫይረስ ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱት። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። በ«ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቪው» የሚለው ጋ ገብታችሁ የተደበቁትን አሳዩ፤ «ሃይድ ፕሮቴክትድ» የሚለውንም ምልክት አንሱ። ከዚያ በአንቲቫይረስ አጽዱት።

ለዘለቄታው ምን ይሻላል? ለህትመት ብቻ የሚሆን 8 ወይም 16 ጊጋ ፍላሽ በፋት 32 አዘጋጁ። ፋት 32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ለሰነድ ግን ከበቂ በላይ ነው። ትልቁን ፍላሽ ቤት አስቀምጡት፤ የሰነዶቹን ኮፒም ኢሜይላችሁ ላይ ወይም ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ አኑሩ። ፎርማት ማድረግ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ሁሉንም አዲስ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ።

ለኮፒ ቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር፦ ማይክሮሶፍት ኤክስፒን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2014 ነው። ማሽኑን መቀየር ባይቻል እንኳ፣ ያ የፎርማት ጥያቄ ሲመጣ «ኖ» በሉና ደንበኛውን ጠይቁት። የእናንተ አንድ ክሊክ የሰው የዓመታት ሰነድ ሊሆን ይችላል።