የዘገየው አውሮፕላን በማን ስም ይመዘገባል? የጋራ ኃላፊነትና የክፍሎች መዝገብ

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲና ሳሊተ ምሕረት አቅጣጫ በቀላል ባቡር የሚጓዝ ሰው ፌርማታ በስማቸው የተሰየመላቸውን ሁለት ተቋማት ያልፋል፤ ሥራ አመራር ኢንስቲትዩትንና ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲን። በ1990ዎቹ ማብቂያና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ መሥሪያ ቤቶችን ያጥለቀለቀው «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» የዚህ ሰፈር ቋንቋ ነበር ማለት ይቻላል። የሐሳቡ አባት ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጽሑፍ የፎርድ ኩባንያን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ለአቅራቢዎች ክፍያ የሚፈጽመው ክፍል ብቻ ከ500 በላይ ሠራተኛ ነበረው፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈጀውም የግዥ ትእዛዙ፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነዱና የአቅራቢው ደረሰኝ አልጣጣም ሲሉ ምክንያቱን በመፈለግ ነበር። ሦስት ክፍል፣ ሦስት ወረቀት፤ ሁሉም የየራሱን በትክክል ሠርቷል።

እኛ ዘንድ ለውጡ ከስም ጀመረ። «መምሪያ» የሚለው ሰሌዳ ወርዶ «የሥራ ሂደት» ተሰቀለ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ዳይሬክቶሬት» መጣ። ያልተነካው ግን ከደብዳቤው ግርጌ ያለው «ግልባጭ» ነው። ግልባጭ ለማሳወቅ የተፈጠረ ይመስላል። በተግባር የሚያገለግለው ግን ነገሩ ከእኔ ክፍል መውጣቱን ለማስመስከር ነው። ተመራማሪዎቹ ዲርቦርንና ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ ድርጅት የተውጣጡ 23 ኃላፊዎች ስለ አንድ ብረት አምራች ኩባንያ የተጻፈ ታሪክ አንብበው ዋናውን ችግር እንዲናገሩ ተጠይቀው ነበር። ከስድስቱ የሽያጭ ኃላፊዎች አምስቱ ችግሩን ሽያጭ ላይ አዩት። ሰው የሚያየው ወንበሩ የሚያሳየውን ነው፤ ሥልጠና ይህን እምብዛም አይለውጠውም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚህ ይነሳል፦ ክፍሎች የሚተባበሩት ስለ ትብብር በመሰበካቸው አይደለም፤ ጥፋት በማን ስም እንደሚጻፍ የሚወስነው መዝገብ ሲለወጥ ነው።

ከሳሊተ ምሕረት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለዚህ ጥሩ መመልከቻ ነው። አንድ አውሮፕላን አርፎ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ነዳጅ ቀጂው፣ ጽዳቱ፣ ምግብ አቅራቢው፣ ሻንጣ ጫኚው፣ ቴክኒሻኑ፣ የበር ሠራተኛው፣ አስተናጋጆቹና አብራሪዎቹ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይተላለፋሉ። መነሻው ከዘገየ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ባወጣቸው ባለሁለት አኃዝ ኮዶች ምክንያቱ ይመዘገባል፦ 36 ነዳጅ ነው፣ 37 ምግብ፣ 41 የአውሮፕላን ብልሽት። ኮዱ ለትንተና ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አንዴ ከተጻፈ ደቂቃው የአንድ ክፍል ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም ክፍል የሚሯሯጠው አውሮፕላኑን ለማስነሳት ብቻ ሳይሆን ከኮዱ ለማምለጥም ነው። ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ ምግቡ መዘግየቱን ያየ ጫኚ የራሱን መዘግየት ከዚያ ጥላ ሥር ያሳርፈዋል።

ጆዲ ጊተል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካ አየር መንገዶችን ስታጠና ያገኘችው ይህንኑ ነው። በአሜሪካን አየር መንገድ እያንዳንዱ መዘግየት ተጠያቂ ክፍል ይፈለግለት ነበር፤ ሳውዝዌስት ግን «የቡድን መዘግየት» የሚል ምድብ ፈጠረ። ከአንድ በላይ ክፍል ሲነካካ ጥፋቱ የሁሉም ይሆናል። ዓላማው ይቅር ለመባባል አልነበረም፤ ሰዎች የሆነውን ነገር ሳይደብቁ እንዲናገሩ ለማድረግ ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በአገራችን የቆየ የሕግ ልማድ ውስጥ ሌባ የሚታወቅባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። በሌባሻይ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ሮጦ ከአንድ ቤት ይወድቃል፤ የዚያ ቤት ባለቤት ዕዳውን ይከፍላል፤ ጉዳዩም ያበቃል። በአፈርሳታ ግን የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ የጠፋውን አዋጥቶ ይከፍላል። የመዘግየት ኮዱ ሲከፋ ሌባሻይ ነው፤ የቡድን መዘግየት ደግሞ የአፈርሳታ ዘመድ። አፈርሳታን ማሞካሸቴ አይደለም፤ ንጹሑን ከእርሻው አስቀርቶ ያስቀጣ ነበር፣ ቂም መወጫም ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ አንድ ብልሃት ነበረው። ሸክሙ የጋራ የሚሆነው ጎረቤት ጎረቤቱን ማየት በሚችልበት ስፍራ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነዳጅ ከመቅዳት በስተቀር ከላይ የዘረዘርኩትን አብዛኛውን ሥራ በራሱ ጥላ ሥር ያደራጀ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ባደረገው «ራዕይ 2025» ጭነትን፣ ጥገናን፣ ሥልጠናን፣ የበረራ ምግብንና የምድር አገልግሎትን የየራሳቸው የትርፍ ማእከል እንዲሆኑ አቀደ፤ በ2017 ደግሞ የኤርፖርቶች ድርጅት ተጨምሮበት ግሩፕ ሆነ። የተለየ ሒሳብ ትጋትን ይጨምራል። ድንበርንም ያጠነክራል፤ ጥገና ለጭነት የሚሠራው ሥራ «አገልግሎት» ተብሎ ዋጋ ይወጣለታልና።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መንገደኛ ሲያሳጣ ይህ ድንበር ተፈተነ። መጋቢት 13 ቀን የጃክ ማ ፋውንዴሽን ለአፍሪካ አገሮች የላከው የሕክምና ዕቃ ቦሌ ደረሰ፤ በየአገሩ የማከፋፈሉ ሥራም ለአየር መንገዱ ሆነ። የጭነት ፍላጎቱ ሲያሻቅብ 25 ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበራቸው ተነቅሎ ጭነት ጫኑ። በዚህ ሥራ ላይ የክፍል ድንበር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ወለሉ በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚያሰላው ኢንጂነሪንግ ነው፤ ካርቶኑን በመንገደኛ በር በእጅ የሚያስገባው የምድር ሠራተኛ ነው፤ ለመንገደኛ በተሠራ ካቢን ውስጥ እሳት ቢነሳ ማን ያያል የሚለው የበረራ ጥያቄ ነው፤ ምን ይጫን የሚለው የጭነት። አንዱ ሳይነግረው ሌላው አንዲት ካርቶን ማስቀመጥ አይችልም። የድርጅቶች አሠራር ተመራማሪው ጄምስ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን የመሰለ ጥገኝነት በጽሑፍ መመሪያ ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ በመስማማት እንደሚመራ ጽፎ ነበር።

ችግሩ እንዲህ ያለው ጊዜ ልዩ መሆኑ ነው። በአዘቦቱ ቀን ጥገኝነቱ አለ፤ አይታይም እንጂ። በመነሻና መድረሻ ትስስር ላይ ለቆመ እንደ ቦሌ ያለ ማእከል በጣም የሚያሳስበኝ ኮድ 36ም 41ም አይደለም፤ 93 ነው። «አውሮፕላኑ ከቀደመው በረራ ዘግይቶ መጣ» ማለት ነው። ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ሁለት ክፍሎች የተገፋፉበት ሃያ ደቂቃ ከሰዓት በኋላ ሌላ ከተማ ላይ 93 ሆኖ ይጻፋል፤ እዚያ ቅጹን የሚሞላው ሠራተኛም ጠዋት ስለሆነው ነገር የሚያውቀው የለም።