ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የሀብት ክፍፍል ጥያቄ

በገዳሪፍና በሁመራ ሜዳ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። በወድ ኤል ሒለው ያደገ ተማሪ ይህን ሳያይ አላደገም። «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ሰው ለምን ድኻ ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ ምን ይመልሳል? «ዕድሉ ነው» ማለት መልስ አይደለም። ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ የመረመሩ ሊቅ ነበሩን።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1886 ዓድዋ አጠገብ ማይ ምሻም ተወለዱ። አባታቸው በ1889 ከአፄ ዮሐንስ ጋር ተሰልፈው መተማ ላይ ወደቁ። ልጁ ገና በሕፃንነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ በኦስትሪያ ሰዎች እጅ አድገው በበርሊን ሕክምና ተማሩ። ተመልሰው በምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ፤ ለጊዜውም በሱዳን በስደት ኖሩ። በኋላ የባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በ1919 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ አረፉ።

«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በ1912 አሥመራ ታተመ። ዋናው መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ግን የወጣው ከሞታቸው በኋላ በ1924 ነው።

ትምህርታቸው ባጭሩ ይህ ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ሥራ ግን ዕውቀት ሲመራው ይበዛል። ያላወቀ ሕዝብ ካወቀ ሕዝብ ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ድካም ይለውጣል። ጥሬ ዕቃውን ሰጥቶ የተሠራውን ሲገዛም ጥገኛ ይሆናል። በአገር ውስጥ ደግሞ ሹሙና ወታደሩ ከገበሬው ጉልበት የሚኖሩበት ሥርዓት የማምረትን ትጋት ይገድላል። ስለዚህ ግብሩ የተወሰነ፣ ሹሙ ደመወዝተኛ፣ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ገንዘብ የተለየ ይሁን አሉ።

በዚያው በ1912 ጣሊያናዊው ኮራዶ ጂኒ ልዩነትን በቁጥር የሚለካ ዘዴ አሳተመ። መለኪያ ለምን ያስፈልጋል? ለክፍላችሁ ይህን ምሳሌ ስጡ። ዐሥር ሰዎች በጠቅላላ 100 ብር አገኙ፤ አንዱ 55፣ ዘጠኙ ግን እያንዳንዳቸው 5 ብር ወሰዱ። አማካዩ 10 ብር ነው፤ ነገር ግን 10 ብር ያገኘ አንድም ሰው የለም! አማካዩ የዘጠኙን ሰዎች ችግር ሸፈነው። የጂኒ መለኪያ ከ0 እስከ 1 ይደርሳል፤ ሁሉም እኩል ሲያገኙ 0፣ ሁሉን አንዱ ሲጠቀልለው ወደ 1 ይጠጋል። በኋላም ሳይመን ኩዝኔትስ በ1955 ዕድገትና የገቢ ልዩነት እንዴት እንደሚያያዙ መረመሩ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት እንዲህ ያለ መለኪያ አልነበራቸውም። በግለሰቦች መካከል ካለው የገቢ ልዩነት ይልቅ በአገሮች መካከል ያለውን፣ እንዲሁም በገዥና በገባር መካከል ያለውን አመዛዝነዋል። ይህ ጉድለት ሊባል ይችላል፤ ሆኖም ያነሡት ጥያቄ ቀድሞ የሚጠየቅ ነው። ክፍፍሉን ከመለካት በፊት፣ ማን እንደሚያመርትና ማን እንደሚካፈል ማወቅ ያሻልና።

እንግዲህ መምህር ሆይ! ሰሊጥ አጫጁ ለምን ድኻ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅህ ተማሪ ችኩል መልስ አትስጠው። የሰሊጡን መንገድ ከማሳው እስከ ዘይት ፋብሪካው ድረስ ይከተል፤ በየደረጃው ማን ምን ያህል እንደወሰደ ይጻፍ። የነጋድራስን ትምህርት በደብተሩ ላይ ራሱ ያገኘዋል።